ሮቦትና ሮብ

አያ ደሳለው ያን ዕለት ወረታ የወጡት ለጨው አልነበረም፣ ለማረሻም አልነበረም። ሮቦት ፍለጋ ነበር።

የቁሐር ሚካኤል ገበሬ፣ ዕድሜ ልኩን በፎገራ ውሃ ውስጥ ሩዝና ከብት ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሮቦትን ከየት አወቀው ትሉ ይሆናል። ከያየህ ሻይ ቤት ነዋ! ያየህ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ እያፈላ፣ ጣሪያው ላይ በተከለው ዲሽ የዓለምን ወሬ ከብስኩት ጋር የሚያቀርብ ሰው ነው። በግንቦት ወር አያ ደሳለው እዚያ ቁጭ ብለው ሳሉ በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የብረት ክንድ የወይን ፍሬ ልጣጭ ሲሰፋ አዩ። ያን ስስ ልጣጭ በመርፌ ወጋ፣ ክሩን ሳብ አደረገ፣ ቋጠረ፣ ቆረጠ። ወይኑ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። ያየህም የሚያውቀውንም የማያውቀውንም መናገር ልማዱ ነውና፣ «ይሄ ሮቦት ይባላል አያ፤ በውጭ አገር በሽተኛ የሚቀደደው በእሱ ነው፤ የሰው እጅ አይነካውም» አላቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰውየው ሌላ ወሬ የላቸውም።

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ታመዋል። ሕመሙ አመለኛ ነው፤ ጾም ሲገባ ይተኛል፣ ፋሲካ ሲሆን ይነሣል። ሰው ሁሉ ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ ሲናፍቅ ከርሞ ሲገድፍ፣ እሳቸው ቅቤ የነካው ወጥ በቀመሱ በሰዓቱ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ይነሣና እስከ ትከሻቸው ይሰነጥቃቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ግድግዳ ያስይዛቸዋል። በቁሐር ሚካኤል ፋሲካን የሚፈራ ክርስቲያን ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው፣ በበዓል ይቀናባታል» ይል ነበር። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን «ይህ ሕመም ቀጠሮው ከቅቤ ጋር ነው» ብላ ወደ ወረታ ላከቻቸው፤ ወረታም ወደ ባሕር ዳር። ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ አዩና የሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር መሙላቱን ነገሯቸው። ከረጢቱ መውጣት አለበት፤ ጠጠሩ ተንሸራቶ መተላለፊያው ላይ ከተሸጎጠ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሰውነታቸው ይመረዛል፣ ያኔ የሞት ሽረት ነው ተባሉ። ለሐምሌ ተቀጠሩ።

ሐምሌ መጣ፤ አያ ደሳለው ግን ወይ ፍንክች! «አማከለችን በሮቦት ካልሆነ ቢላዋ አይነካትም» አሉ። ወይዘሮ አማከለች መጀመሪያ ሲሰሙ፣ «ሮብ? ሮብማ ጾም ነው፤ በጾም ቀን ሥጋ የሚቆርጥ ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ብለው ከት ብለው ስቀው ነበር። በነሐሴ ሕመሙ ሁለት ጊዜ ሲነሣባቸው ሳቁ ቀረ።

እንግዲህ መስከረም ፳፻፮ ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው አያ ደሳለው የአልትራሳውንዱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው፣ በወረታ መናኸሪያ ሹፌር ሁሉ ላይ እየዞሩ የሚጠይቁት።

«ልጄ፣ ሮቦት ያለበት አገር በየት በኩል ነው የሚኬድ?»

«አባቴ፣ ይሄ መኪና ከሐሙሲት አያልፍም» አላቸው አንዱ፣ ከልቡ አዝኖ።

በዚህ መሐል ከባሕር ዳር የገባ ሚኒባስ ቆመና አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ወረደች። የእህታቸው ልጅ ሰብለወንጌል ናት። ባሕር ዳር ባለ አንድ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆና አራት ዓመቷ ነው፤ የመስቀልን በዓል ተረኛ ሆና ስላሳለፈች ፈቃድ የተሰጣት አሁን ነበር።

«አያ! ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት፤ ጉንጯን አገላብጠው ሳሙ።

«ወይ የሚካኤል ሥራ! ሰብሌን ላከልኝ! ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ። አንቺ የቢላዋ ቤት ሠራተኛ አይደለሽ? ሮቦቱ ባሕር ዳር ነው ያለው ወይስ አዲስ አበባ?»

«የምን ሮቦት አያ? ይልቅ አክስቴ ምነው በሐምሌ ቀሩ? ስማቸውን ከዝርዝሩ ላይ አይቼ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልሁ። ክረምቱን በሙሉ ብደውል ስልክዎም አይነሣ።»

«ስልኩማ… ውሃ ገባበት።»

ስልኩ ውሃ አልገባበትም ነበር። ጎተራ ውስጥ ነው የገባው፤ ከሩዙ ሥር። ያስገቡትም ራሳቸው ናቸው። አያ ደሳለው መዋሸት ስለማይችሉበት ጆሯቸውን ያክኩ ጀመር፤ ሰብለወንጌልም ከሕፃንነቷ ጀምራ ይህን ጆሮ ታውቀዋለችና ገባት። ገብቷትም ነገሩን አለፈችው፤ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይጋለጥም። ያየህ ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ፣ ሻይም መጣ።

«በሉ እንግዲህ የሮቦቱን ነገር ይንገሩኝ» አለች።

አያ ደሳለው ወይኑን፣ መርፌውን፣ ክሩን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ሲጨርሱም፣ «የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል ልጄ። ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ ይመጣል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፣ ይቸኩላል። ብረት ምን አለበት? ብረት አይጣላ፣ አያንቀላፋ። ለአማከለች የምፈልገው እሱን ነው» አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያንን ወይን ማን ሰፋው?»

«ሮቦቱ ነዋ! በዓይኔ በብረቱ አይቼ!»

«ሐኪም ነው የሰፋው አያ። ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊቱን መመልከቻው ላይ ደፍቶ፣ በጣቶቹ ያዝዛል፤ ክንዶቹ ያዘዛቸውን ይሠራሉ። ጣቱን ካላነቃነቀ ብረቱ ዘንድሮም ከርሞም አይነቃነቅም።»

አያ ደሳለው ብርጭቆውን ከአፋቸው መለሱት።

«ሰው አለበት?»

«አለበት እንጂ።»

«ያየህ! አንተ ቀጣፊ! ሰው አለበት ትለኛለች!»

ያየህ ከምድጃው ዘወር ሳይል፣ «እኔ ሥዕሉን ነው ያየሁት፤ የሚያወሩትማ በእንግሊዝኛ ነው» አለ።

ሰብለወንጌል ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ነገር ግን ሰውየው ስለተሳሳቱ ብቻ ሮቦቱን ልታጣጥለው አልፈለገችም፤ የተማረ ሰው ወጉ ይህ ነው፣ ሲከራከርም እንኳ የሌላውን ወገን መልካም ነገር አይክድም።

«ሮቦቱ ክፉ አይደለም አያ። ክንዱ እንደ ሰው አንጓ ይታጠፋል፣ ይሽከረከራል። ሐኪሙ ጥቂት እጁ ቢንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡን አያሳልፍም። በመመልከቻው ውስጥ ሲያይ ጥልቀቱ ሁሉ ይታየዋል፤ ቁጭ ብሎም ስለሚሠራ ወገቡ አይዝልም። ከዳሌ አጥንት ውስጥ ጠልቆ፣ ከጠባብ ቦታ ገብቶ መስፋት ለሚያስፈልገው ቀዶ ጥገና ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ግን እኔ እስከማውቀው ገና አልገባም፤ ቢገባም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።»

«የኛውስ? ያ ሐኪሙ የነገረን… ላባ ምንትስ ያለው?»

«ላፓሮስኮፒ።»

«እሱን። አማከለች ላባ ነው የምትለው።»

«ላባም ይሁን፣ ስሙ አይጣላንም። እሱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በሽተኛዋ በመድኃኒት ጭልጥ ብላ ትተኛለች። እምብርቷ አጠገብ የጣት ወርድ የምታህል ትበሳና በእሷ በኩል ሆዷ በአየር ይነፋል፣ ለመሥሪያ ቦታ እንዲገኝ። ከዚያ ከእስክሪብቶ ብዙም የማይወፍር ካሜራ ይገባል። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ ወደ ላይ። በእነዚያ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መሣሪያዎች ይገባሉ፣ መያዣውም መቀሱም። ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። ከረጢቱ ከነጠጠሩ በእምብርቷ በኩል ይወጣል።»

«ሮቦቱስ በስንት ቀዳዳ ነው?»

«እሱም በሦስት በአራት።»

«አልጋ ላይ ስንት ቀን ያቆያል?»

«አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። የኛውም እንደዚያው። ለሐሞት ከረጢት ሁለቱን ያወዳደሩ ሐኪሞች አሉ፤ በሽተኛው ያተረፈው ይህን ያህል ጎልቶ አልታየም። የሮቦቱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፣ ክንዶቹን ማዘጋጀቱ ብቻውን ሥራ ነው።»

አያ ደሳለው ብርጭቋቸውን አዟዟሩ። ለማሸነፍ የመጡበት ነገር ከእጃቸው እየሾለከ ነው፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ቀጥ ያለ መሣሪያ ከታጣፊው በምን ይሻላል? ካልሽኝ ውስጥ ታጣፊው አንድ ብልጫ አለው።»

«አለው። ቀጥ ያለው ደግሞ የራሱ አለው። ሲያርሱ ማረሻው ከሥር ድንጋይ ቢነካ በምን ያውቃሉ?»

«እርፉ ይነግረኛላ! በመዳፌ ይሰማኛል። ገና ሲነካው ነው ከፍ የማደርገው፣ ያለዚያማ ማረሻው ይሰበራል።»

«አክስቴን የሚሠራላቸው የኛው ሐኪም፣ ዶክተር ትንሳኤም እንዲሁ ነው። ቀጥ ያለውን መሣሪያ ሲይዝ፣ ከጫፉ የነካው ነገር ጠንካራ ይሁን ልስልስ ጥቂትም ቢሆን ለእጁ ይሰማዋል። የሮቦቱ ሐኪም ግን ብረቱ የጨበጠውን በእጁ አይሰማውም፤ በዓይኑ ብቻ ነው የሚፈርድ።»

ይህን ሲሰሙ አያ ደሳለው ቀና አሉ። እርፍ ሳይዝ የሚያርስ ገበሬ ታያቸው፤ በአሳባቸውም አልወደዱትም። ቢሆንም፣ «በሬ ካራጁ ይውላል አሉ፤ እኔም ከቢላዋ ቤት ሰው ጋር ዋልሁ» ብለው ተነሡ። «ነገርሽ ጥሩ ነው ልጄ። ልቤ ግን አልገባም።»

«የእርስዎ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ አያ!»

«ላሚቱን ተያት፣ ወደ ቤት እንሂድ» አሉ። ኩርፊያቸው ግን አልዘለቀም፤ ከመናኸሪያው ሳይወጡ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ነጥቀው ራሳቸው አነገቡት።

ባጃጁ ከዋናው መንገድ ላይ አወረዳቸውና በእግር ጀመሩ። መንገዱ ገና አልደረቀም። ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ማሸት ጀምሯል፣ ውሃውም ከሥሩ ያብለጨልጫል። ሰብለወንጌል ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። እንዲህ እያሉ ጥቂት እንደሄዱ ከማዶ ከግጦሹ ላይ አንድ ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ ተጣራ። ጎረቤታቸው ቻላቸው ነበር።

«አያ ደሳለው! ላሚቱ ትግጣለች! ወተቷም ተመልሷል! ክፉ አይንካዎ!»

«እሰይ! ቁስሏን አመድ ነስንስባት!» ብለው መለሱለት።

«ላሚቱ ምን ሆና ነበር?» ጠየቀች ሰብለወንጌል።

አያ ደሳለው በዚህ ወሬ ላይ ንፉግ አልነበሩም፤ ፊታቸው በራ። «ከትናንት በስቲያ ጧት ጤዛ ያለበት ለምለም ሣር ግጣ ሆዷ ተነፋ። እንደ ከበሮ! ተኝታ ታጣጥራለች። ጠርተውኝ ስደርስ ምላሷ ወጥቷል። በግራ ጎኗ፣ ከዳሌዋ ፊት ካለችው ጎድጓዳ፣ በሰንጢ ጫፍ ብቻ ወጋኋት። አልቀደድሁም፣ ወጋሁ! ከዚያ የመቃ ቁራጭ ከተትሁና ነፋሱን እፍፍ እያለ አወጣሁላት። እያየናት ተነሥታ ቆመች።»

«የእንስሳት ሐኪሙ ለዚህ የተሠራ የብረት መሣሪያ አለው አይደል?»

«አለው፣ አይቼዋለሁ። ከነቱቦው፣ የሚያምር ነገር ነው። ከኔ መቃ ይሻላል።»

«ታዲያ ለምን አልጠበቁትም?»

«ምን? ከወረታ እስኪመጣ? ላሚቱ ልትሞት!»

ሰብለወንጌል ቆመች። አያ ደሳለውም ሁለት እርምጃ ሄደው ነው መቆሟን ያወቁት፤ ዘወርም አሉ። ልጅቱ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«አያ፣ ለቻላቸው ላም መቃ ይዘው ሮጡ። ለአክስቴ ግን ከሰማይ የሚወርድ ብረት እንጠብቅ ይሉኛል። ዶክተሩ የያዘው ደግሞ መቃ አይደለም፤ የተፈተነ መሣሪያ ነው፣ በእሱም የስንቱን ሐሞት ከረጢት ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ መሣሪያ ሳቀብል የኖርሁት እኔ ነኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ሆኖብን ነው እንጂ! ጠጠሩ ነገ መተላለፊያው ላይ ቢሸጎጥ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ቢያገኟቸው፣ ያኔ ሮቦትዎ የት ነው ያለው?»

 አያ ደሳለው ከመንገዱ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ቁጭ አሉ። ቦርሳዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ሩዙን ተመለከቱ። ሲናገሩም ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«አጎትሽን አስማረን አታውቂውም፤ ሳትወለጂ ነው። በደርግ ጊዜ ሆዱን ቀደዱት፤ ከደረቱ እስከ እምብርቱ። ቁስሉ መግል እየያዘ ሦስት ወር ተኛ። እኔ ነበርሁ የማጥበው። ቁመናው እንደ ዋርካ የነበረ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ እርፍ ሳይጨብጥ ሞተ። ሐኪሙ አማከለችን 'ትቀደድ' ሲለኝ የታየኝ ያ ጠባሳ ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ሮቦቱን እንደማላገኘው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እስኪገኝ ድረስ ቢላዋ አይነካትም ብዬ ነው። እውነቱ ይህ ነው። ፈራሁ ልጄ። ያለሷ ያችን ቤት አልችላትም።»

ሰብለወንጌል አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህ ሁሉ የሮቦት ክርክር ለካ ፍርሃት የተጠለለበት ዳስ ኖሯል! ስንቱ የአገራችን ሰው በሽተኛውን እንዲህ ባለ ሰበብ ከቤት እንዳስቀረ፣ በመውደድ ብዛት እንደገደለ፣ ማን ቆጥሮት?

«መፍራትዎ ይገባል» አለች ቀስ ብላ። «ግን የአጎቴ ዘመን ሌላ ነበር፣ ቁስሉም ሌላ። ትልቅ ቁስል ለመዳን ይዘገያል፣ ለመመርቀዝም ይቀርባል፤ ትንሿ ቀዳዳ ቶሎ ትገጥማለች፣ ሕመሟም ያንሳል። ለሁሉም ባለቤቷን እንጠይቅ።»

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ አማከለች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ከስተዋል። ሰብለወንጌልን አቅፈው ምርቃቱን ካዘነቡላት በኋላ ባላቸውን አዩና፣ «አገኘኸው? ሮብህን?» አሉ።

«አላገኘሁም» አሉ አያ ደሳለው፣ እንደ ተቀጣ ልጅ።

ሰብለወንጌል በሻይ ቤት ያወራችውን ሁሉ እንደገና፣ አሁን ለባለጉዳይዋ፣ አስረዳች። አያ ደሳለውም መሐል መሐሉ ላይ «ሰው አለበት! ሁለቱም ላይ ሰው አለበት!» እያሉ ያግዟት ጀመር፤ ከሰዓታት በፊት የተማሩትን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት አስመሰሉት። ወይዘሮ አማከለች እስከ መጨረሻው ሰሙና ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ።

«ሆዱ የኔ፣ ክርክሩ የናንተ! ከግንቦት እስከ መስከረም ስለኔ ሆድ ከሹፌር ጋር፣ ከሻይ ሻጭ ጋር ተማከረ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። አንተ ደሳለው፣ ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

አያ ደሳለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ይሻልሻል አማከለች?»

«ገና እጠይቃለሁ። ሰብሌ፣ ሐሞት ሳይኖረኝ እንዴት እኖራለሁ? ሰው 'ሐሞተ ቢስ' ይለኝ የለም?»

«ሐሞቱን የሚሠራው ጉበትዎ ነው አክስቴ። ከረጢቱ ማስቀመጫው ብቻ ነው። ሲወጣ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።»

«እሺ። ባይሳካስ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አታባብዪኝ።»

«እውነቱን እነግርዎታለሁ። ከመቶ ጥቂት ሰው ላይ ውስጡ ቆስሎ ወይም ተጣብቆ ይገኝና ሐኪሙ በትንሿ ቀዳዳ አይታየውም። ያኔ ሰፋ አድርጎ ይከፍታል። ይህ ለእርስዎ ደኅንነት ሲባል ነው፣ ሽንፈት አይደለም። በሮቦትም ቢሆን ያጋጥማል። ይልቅ ሕመሙ እየተመላለሰ በቆየ ቁጥር እሱ ነው የሚብሰው፤ አሁን ብንሄድ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«ሐኪሙ ማን ነው ያልሽኝ?»

«ዶክተር ትንሳኤ።»

ወይዘሮ አማከለች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ፋሲካዬን የሚመልስልኝ ትንሳኤ ከሆነማ ጥሩ ስም ነው። እሄዳለሁ። አንተም ትሄዳለህ ደሳለው፤ እጄን ትይዛለህ እንጂ መንገድ አትይዝብኝም።»

ሰብለወንጌል ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ተራ ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዘጋች በኋላ ሁለቱንም አየችና ሳቅ አመለጣት።

«ተገኘ። ለሚቀጥለው ሳምንት ነው… ሮብ።»

«ሮብ!» አሉ ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን አጨብጭበው። «ሮቦት ብለህ ስትዞር ሮብ ሰጠህ! እንኳን በሮብ ሆነ፤ ለቢላዋው ብዬ እንደሆን አልበላ፣ ሆዴም ባዶ፣ ጾሜም አይፈርስ!»

ያን ሮብ አያ ደሳለው በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ያሳለፉትን ጊዜ እሳቸው አንድ ዓመት ነበር ይላሉ፤ ሰብለወንጌል ግን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም ትላለች። በሩ ተከፍቶ ዶክተር ትንሳኤ ወጣ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አንድ ትንሽ ብልቃጥ አሳያቸው። ውስጡ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ ጠጠሮች ነበሩ።

«በሰላም ወጥቷል አባቴ። በትንሿ ቀዳዳ ጨርሰናል።»

አያ ደሳለው ብልቃጡን አላዩም። የሐኪሙን እጅ ያዙና ገልበጥ አድርገው መዳፉን ተመለከቱ፣ የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ሰው በጥንቃቄ።

«ልጄ፣ እጅህ ነገረህ? ድንጋዩን ስትነካ?»

ዶክተሩ ነገሩ አልገባውም፤ ዘወር ሲል ግን ከኋላው የቆመችው ሰብለወንጌል ራሷን ስትነቀንቅለት አየና፣ «ነገረኝ አባቴ» አለ።

ያኔ ነው አያ ደሳለው ያለቀሱት። እጁን ሳይለቁ፣ ሰው እያያቸው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወይዘሮ አማከለች ዓርብ ቤታቸው ገቡ። በወሩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አያ ደሳለው ጠባሳውን ሊያዩ ሲለምኑ አንድ ቀን አሳይተዋቸው ነበር፤ አራት ትንንሽ ምልክት፣ አንዷ እምብርቱ ውስጥ ተደብቃ። ሰውየው ይህን ካዩ በኋላ አላረፉም። ለሚካኤል ማኅበር ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ተነሥተው ይናገራሉ። «ሮቦት ደግ ነው፣ ይምጣ፣ ልጆቻችን ይማሩበት» ይላሉ። «እስኪመጣ ግን አጠገባችሁ ያለውን የተማረ እጅ አትናቁ። ትንሿ ቀዳዳ ቶሎ ትድናለች፣ ገበሬን ከእርሻው፣ እናትን ከልጆቿ አታቆይም። ቀጠሮ ከተሰጣችሁ አትቅሩ። መሣሪያው ምንም ይሁን፣ 'የያዘው ማን ነው፣ ስንቴስ ሠርቶበታል?' ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሆዱ የማን እንደሆነ ጠይቁ!» ቻላቸው አባቱን ባሕር ዳር የወሰደው ይህን ሰምቶ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ወይዘሮ አማከለች በበዓሉ ዕለት ፈራ ተባ እያሉ ጥቂት ቀመሱ፤ ሌሊቱን ደህና አደሩ። በማግስቱ ጨመር አደረጉ። በአራተኛው ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሮብ፣ በኀምሳው ውስጥ የሮብ ጾም የለምና ቅቤው ከላዩ የሚንሳፈፍ ዶሮ ወጥ ቀረበ። እሳቸው ጠቅለል አድርገው ጎረሱ። አያ ደሳለው እጃቸው ከመሶቡ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚስታቸውን ቀኝ ጎን ይመለከታሉ። ከጎን የተቀመጠችው ሰብለወንጌልም መብላቷን ትታ ሁለቱን ታያለች።

ወይዘሮ አማከለች አኘኩ፣ ዋጡ፣ ጣታቸውን ላሱ። ደግመው ጠቀለሉ፤ ይህኛውን ግን ወደ ባላቸው አፍ ዘረጉት።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ጉረስ እንጂ! ሮቦትህን ስንጠብቅ ቢሆን ኖሮ ይህችን ሮብ ማን ይበላት ነበር?»